የካሮት ሁዳዴ

ሰው በስተርጅናው ምን ያስጨንቀዋል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሞት ነው እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ሞትንስ ለምደነዋል፤ ሳምንት በመጣ ቁጥር ቀብር ነው፤ መቃብር ቆፋሪዎቹን እንኳ በስም አውቃቸዋለሁ። እኔን ባለፈው ሁዳዴ እህል ያሳጣኝ ሌላ ነው። መልኬ ነው። አትሳቁ። ወይም ሳቁ፣ ግን ጨርሳችሁ ስሙና ሳቁ።

ፊደል የቆጠርሁት ከአጸድ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ዳዊት ሳልጨርስ እርሻ ጠራኝ። ስለዚህ ነገሬ ቢንዛዛ ታገሡኝ። በሬ የለመደ ሰው ከበሬው ፈጥኖ አይሄድም።

ነገሩ የተጀመረው በባለቤቴ በየሺ ዓይን ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ጋርዶባት ኖረች። ብርሃንና ጥላ ትለያለች፤ ሰው መግባት መውጣቱን ታውቃለች፤ የቀረውን በጆሮዋና በእጇ ነው። እንዲያውም እውነቱን ልናገርና፣ ቤቱን ከእኔ ይልቅ እሷ ታየው ነበር። ዓይን ያለኝ እኔ በየቀኑ ደፉ ያደናቅፈኛል፤ እሷ እንደ ውኃ ታልፈዋለች።

ደሴ የምትኖር ሙሉ የምትባል ልጅ አለችን። የጾሙ መግቢያ ሰሞን መጣችና «እማዬን ወስጄ አሳክማታለሁ፤ አንዱን ዓይን አሁን፣ ሁለተኛውን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይሠሩላታል፤ ለሆሣዕና እመልሳታለሁ» ብላ ይዛት ሄደች። እኔ ከብቶቹን ለማን ጥዬ፤ ቀረሁ።

ከሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ።

«አንቱ!» አለች የሺ። እንዲህ ስትጮህ ከሠርጋችን ቀን ወዲህ ሰምቻት አላውቅም። «ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ አየሁት! ዝንቧን አየኋት! ሙሉንም አየኋት፤ ወፍራለች!»

«እማዬ!» ትላለች ሙሉ ከኋላ።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ወፍረሻል።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገችና «እንግዲህ እርስዎንም ላይዎት ነው» አለች።

ስልኩን ዘግቼ ተንበርክኬ አመሰገንሁ። ገና ከተንበረከክሁበት ሳልነሣ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የሺ ለመጨረሻ ጊዜ ያየችኝ ከሰባት ዓመት በፊት ነው። በልቧ ይዛው የሄደችው ሰውዬ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ጠጉሩ ከግንባሩ ጀምሮ ነው፤ በቅሎ ጭኖ ሲወጣ ሰው ዞር ብሎ ያየዋል። አሁን ዓይኗን ገልጣ ስትመጣ ያንን ሰውዬ አምጡ ብትልስ? ከየት ይመጣል?

ቤታችን መስታወት የለም። የሺ ዓይኗ ሲደክም «ለእኔ ምን ይሠራል» ብላ ለሙሉ ሰጠቻት። እኔም ፊቴን ረስቼው ኖርሁ። ስለዚህ ወደ ከተማው ወጣሁና ከአንድ የቆመ ባጃጅ አጠገብ ጎንበስ ብዬ በጎን መስታወቱ አየሁ።

«አባባ፣ የት ላድርስዎት?» አለኝ ባለ ባጃጁ።

«የትም። ፊቴን እያየሁ ነው።»

«እንግዲያው ቶሎ ይበሉ፣ ሰው ልጭን ነው።»

«እኔ ምልህ፣ ይኸ መስታወት ሰው አተልቆ ነው የሚያሳየው?»

«ኧረ እሱስ አሳንሶ ነው የሚያሳይ!»

አሳንሶ እንዲህ ከሆነ ዋናው ምን ሊመስል ነው? ግንባሬ ጥር ላይ እንዳለ የዋልካ መሬት ተሰነጣጥቋል። ጉንጬ ደርቆ አመድ ተነስንሶበታል። ጠጉሬ ከፊት ለቅቆ ከማጅራቴ ላይ ተሸሽጓል፤ የተሸነፈ ጦር ነው የሚመስል። እዚያው ቁጭ አልሁ። ባለ ባጃጁ ያመመኝ መስሎት ውኃ ሰጠኝ።

በማግሥቱ ጤና ኬላ ሄድሁ። እዚያ ሰርካለም የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች፤ አንደበቷ ለስላሳ፣ ሽማግሌ የምታከብር። በራፉ ላይ ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። በመጨረሻ ገባሁና ዋሸሁ።

«ልጄ፣ አንድ ዘመድ አለኝ። ቆዳው ደርቆ፣ ጠጉሩ ረግፎ ተቸግሯል። ምን ይሻለዋል?»

«ዕድሜው ስንት ነው አባቴ?»

«እንደ እኔ ነው።»

«ጠጉሩስ እንዴት ነው የረገፈው?»

«እሱም እንደ እኔ ነው።»

ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሳቀችም፣ እግዜር ይስጣት። «ለዘመድዎ እንዲህ ይበሉልኝ» አለች። «ዕድሜ የወሰደውን ጠጉር ምግብ አይመልሰውም። ግን ምግብ ውስጥ ቫይታሚን የሚባል ነገር አለ፤ በዓይን አይታይም፤ ለቆዳም ለጠጉርም ጥሩ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ጉበት፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ምስር፣ ለውዝ፤ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ። ውኃም በደንብ ይጠጣ።»

«ጾም ነው እኮ።»

«እንግዲያው የጾሙን የጾሙን ይብላ፤ የፍስኩን ፋሲካ ይደርስበታል። ዋናው ማቀላቀሉ ነው።»

ደህና አድርጋ ነገረችኝ። ጥፋቱ ከእሷ ቤት ወጥቼ እኔ ቤት እስክገባ መንገድ ላይ የተሠራ ነው። እኛ የላስታ ሰዎች መቼም ጾም ምትክ ማበጀት አስተምሮናል። ቅቤ ሲከለከል ኑግ አለ። ወተት ሲከለከል ተልባ አለ። ሥጋው ሲቀር ሽሮው ሥጋ ሥጋ እስኪል ይቁላላል። አንዱ ከጎደለ ሌላው በእጥፍ ገብቶ ቦታውን ይሞላል፤ የተማርነው እንዲህ ነው። እንግዲህ እየሄድሁ መተካት ጀመርሁ። እንቁላሉ በጾም አይሆንም፤ በእሱ ፋንታ ሁለት ካሮት ይግባ። ወተቱም አይሆንም፤ ሦስት ካሮት። ጉበት ከባድ ነገር ነው፤ አራት። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ አቮካዶ ብነካ ከድንጋይ የጠና ነው፤ ሻጯ «ይበስላል፣ ይታገሡት» አለችኝ፤ እኔ ለትዕግሥት ጊዜ የለኝም፤ እሱም ካሮት ሆነ። ፓፓያ በዚያ ሳምንት አልወጣም፤ ካሮት። የሰርካለም ምክር ቤቴ ሲደርስ ካሮት ብቻ ሆኖ ነበር።

ለምን ካሮት ብትሉ፣ ቅርቤ ያለው እሱ ነው። ወዳጄ አያ እሸቴ ከወንዙ በመስኖ ካሮት ያለማል።

«ይኸ ሁሉ ለማን ነው?» አለኝ ሲነቅልልኝ። «በቅሎ ገዛህ እንዴ?»

«ለቆዳ ጥሩ ነው አሉ።»

«ለማን ቆዳ?»

«ለዘመዴ።»

«እኔ የማላውቀው ዘመድ ከየት አመጣህ?»

አንድ ውሸት ሌላ ጎትቶ ሊያመጣብኝ ነው ብዬ ካሮቴን ተሸክሜ ሄድሁ።

ችግሩ ማኘኩ ነው። ከላይ ሁለት ጥርስ፣ ከታች ሁለት ጥርስ አለኝ፤ አይተዋወቁም። ስለዚህ በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ካሮቱን ሙቀጫ ውስጥ ጨምሬ እወቅጠው ጀመር። ጎረቤቴ ዘነቡ በአጥሩ ላይ አንገቷን ታወጣለች።

«አያዬ፣ በርበሬ ነው?»

«አይደለም።»

«ጌሾ ነው?»

«አይደለም።»

«ሴት የሌለበት ቤት ሙቀጫ እንዲህ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም! ምንድን ነው ታዲያ?»

«መድኃኒት በይው።»

አፌ ይርገፍ! «መድኃኒት» ማለቴ ኋላ ምን እንዳመጣብኝ ታያላችሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ኅሊናዬ ነዘነዘኝ። ሰው ለጽድቅ ሲጾም እኔ ለመልክ እጾማለሁ፤ ይኸ ነገር ይቆጠርልኛል ወይስ ይቆጠርብኛል? ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴን ከቤተ ክርስቲያኑ ዓለት ሥር፣ ከጥላው ላይ አገኘኋቸው።

«አባ፣ ለመልክ ብሎ የጾም ምግብ መብላት ኃጢአት ነው?»

«ለማን መልክ?»

«ለ… ዘመዴ።»

«ዘመድህ ድሮስ መልክ ነበረው?»

«ትንሽ ነበረው አባ።»

«ምን ይበላል?»

«ካሮት።»

«ካሮት ያስገድፋል የሚል አላነበብሁም። ስንት ይበላል?»

«ወደ ሃያ።»

አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆም አሉ። «ሃያ! በአንድ ጊዜ?» አሉ። «ልጄ፣ ይኸማ ጾም አይደለም፤ ግጦሽ ነው። ቀንስ በለው።»

ወደ አሥራ ስምንት ቀነስሁ።

በአምስተኛው ሳምንት መሰለኝ፣ እጄ ላይ አንዳች ወርቅማ ነገር ታየኝ። ደስ አለኝ! ቫይታሚኑ ገባ አልሁ። ቤት ውስጥ ጨለማ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም ከዓለት የተፈለፈለ ነውና ከውስጥ ሰው የሰውን መልክ አይለይም። በፀሐይ ቀርቦ ያየኝ ሰው አልነበረም፤ ዘነቡ እሳት ልትጭር መጥታ እጄን እስክዘረጋላት ድረስ።

«በስመ አብ! አያዬ! እጅዎ!»

«ምን ሆነ?»

«ቢጫ ነው! ፊትዎም! አፍንጫዎማ እንደ እንቁላል አስኳል ነው! ወይኔ አያዬን፣ የወፍ በሽታ!»

እሳቱን ጥላ ወጣች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግቢዬ በሰው ሞላ። እጄን ይገለብጡታል፣ መዳፌን ወደ ፀሐይ ያነሡታል፣ ከንፈር ይመጥጣሉ። አንዱ ክንዱ በጋለ ብረት ይተኮስ ይላል። አንዱ ከአሸተን ማርያም ወዲያ ቅጠል የሚሰጥ ሰው አለ ይላል። ዘነቡ «እኔኮ ድሮም አውቄያለሁ፤ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ለብቻቸው መድኃኒት ሲወቅጡ ነበር፤ ከእኛ ሊደብቁ!» ትላለች ዓይኗን እየጠረገች። መድኃኒት አለመሆኑን ባስረዳት ካሮቱ ሊወጣ ነው፤ ካሮቱ ሲወጣ ዘመዴ ሊወጣ ነው፤ ዘመዴ ሲወጣ እኔ ልወጣ ነው። ዝም አልሁ። ዝምታዬን ደግሞ የበሽታው ክብደት አደረጉት።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነና፣ ጤና ኬላ ብሄድ ሰርካለም ለክትባት ደጋ ወጥታለች፤ በሩ ተቆልፏል።

እኔም መዳፌን እያየሁ ማመን ጀመርሁ። ሰው ሁሉ ትሞታለህ ሲልህ ብቻህን አልሞትም ማለት ትዕቢት ይመስላል። ሞቱስ ይሁን። ግን እስቲ አስቡት፤ የሺ ሰባት ዓመት በጨለማ ኖራ፣ ዓይኗ በርቶ፣ ደስ ብሏት አገሯ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው አስከሬኔን ሊሆን ነው? ያውም ቢጫ አስከሬን? «ጌታዬ፣ ሆሣዕናን አሳልፈኝ፤ አንድ ጊዜ ትየኝ፤ ከዚያ እንደ ፈቀድህ» እል ነበር። የመልኬን ማማር ትቼ መቆየቱን መለመን ጀመርሁ።

ስልክ ስትደውል ድምፄን አስተካክላለሁ። ለእሷ ድምፅ ማስተካከል ግን ለወፍ ወጥመድ ማሳየት ነው።

«ምን ሆነዋል?» ትላለች ወዲያው።

«ምንም።»

«ምንም ሲሆኑ እንዲህ አይደሉም።»

«ጉንፋን ነው።»

ሁለተኛው ዓይኗ ገና ታሽጎ ነበር፤ አስደንግጬ የሐኪም ሥራ አላበላሽም ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

በሽተኛ ደግሞ በባዶ እጅ አይጠየቅም። በፍስክ ቢሆን ዶሮ ይመጣ ነበር፣ እርጎ ይመጣ ነበር። በጾም ምን ይምጣ? ዘነቡ የዱባ ወጥ አመጣች። ሌላዋ ጎመን አመጣች። አንዷ እንደገና ዱባ። አያ እሸቴ መጣና በትከሻው ያዘለውን ማዳበሪያ ደጄ ላይ አወረደው፤ አፉን ቢፈታው ካሮት!

«ለቆዳ ጥሩ ነው ብለኸኝ ነበር» አለ እንባው እየመጣ። «ለቆዳህ ብላው ወንድሜ። የማሳው ምርጥ ነው።»

ሰው ለነፍሴ ያመጣውን እምቢ ልበል? በላሁ። እነሱም እየቆሙ አበሉኝ። በበላሁ ቁጥር ቢጫነቱ ይብሳል፤ በባሰ ቁጥር ካሮት ይጨመራል።

የሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ ደረሰ። ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናነብሁ፤ እጆቼን ከውስጥ ቀበርሁ፤ ወደ መናኸሪያው ሄድሁ። ዘነቡና አያ እሸቴ «መንገድ ላይ ብትወድቅ ማን ያነሣሃል» ብለው ግራና ቀኝ ያዙኝ። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ደመና ለምኜ ነበር፤ በዚያ ቀን ሰማዩ ላይ አንድ ጭረት ደመና የለም።

መኪናው መጣ። መጀመሪያ ሙሉ ወረደች፤ ቀጥላ የሺ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ የማንንም እጅ ሳትይዝ። ብቻዋን ወረደች! ልቤ እልል አለ፤ እግሬ ግን ወደ ኋላ ሄደ። ዘነቡ ለቀቀችኝና ወደ እሷ ሮጠች።

«የሺዬ! እንኳን በሕይወት ሳሉ ደረስሽላቸው!»

«ለማን?»

«ለአያዬ! የወፍ በሽታ ይዟቸው፣ ቢጫ ሆነው፣ ተስፋ ቆርጠን!»

የሺ ጓዟን ጣለች። «የታሉ?»

አያ እሸቴ እንደ ሌባ ወደ ፊት ገፋኝ። የሺ መነጽሯን አወለቀች። ሙሉ «እማዬ አቧራ! ሐኪሙ…» ስትል «ተይኝ!» አለቻት። ወደ እኔ መጣች።

«ጋቢውን ያውርዱ።»

«የሺ፣ እቤት…»

«ያውርዱ ብያለሁ።»

አወረድሁ። ስድስት ሳምንት የፈራሁት ቅጽበት ይኸው መጣ፤ ሴትዮዋ ከፊቴ ቆማለች፤ ፀሐዩ አለ፤ እኔ አለሁ፤ ከካሮት በቀር የሸሸግሁት የለም።

ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ብርሃኑ አዞረችው። በአውራ ጣቷ የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ሳብ አደረገች።

«ወደ ላይ ይዩ።»

ወደ ላይ አየሁ፤ ሰማይ።

«ወደ ታች ይዩ።»

ወደ ታች አየሁ፤ ዓይኖቿ። ያ ነጭ ጉም የለም። ጥቁር፣ ጥልቅ፣ እንደ ድሮው። እኔን ታያለች ብዬ ስጨነቅ እኔ እሷን እንደማይ አላሰብሁበትም ነበር።

ቀኙን አየች፤ ግራውን አየች፤ አልቸኮለችም።

«ነጩ ነጭ ነው» አለች በመጨረሻ።

«ምኑ?» አለች ዘነቡ።

«የዓይናቸው። ደሴ ወረፋ ስንጠብቅ አንዲት የወፍ በሽታ የያዛት ሴትዮ ከአጠገቤ ነበረች፤ ዓይኗ ራሱ ቢጫ ነበር፤ ሐኪሙ ‹ከዓይን ነው የምናውቀው› ሲላት ሰምቻለሁ። የእሳቸው ንጹሕ ነው። ቆዳቸው ብቻ ነው ቢጫ የሆነው።» ወደ እኔ ዞረች። «ምን በሉ?»

(ሰርካለምም ኋላ ከደጋ ስትመለስ አየችኝና ያንኑ አለች፤ ካሮቱን ስተወው በጥቂት ሳምንት ይለቃል አለችኝ። ይኸው ለቅቆ እጽፍላችኋለሁ። «ዘመድዎስ ተሻለው?» ብላ ጠየቀችኝ ደግሞ፤ ይኸች ልጅ ቂመኛ ናት።)

እኔ ጋቢዬን ማስተካከል ጀመርሁ። አያ እሸቴ ግን ምሥጢር አያውቅም። «ካሮት» አለ።

«ስንት ካሮት?»

«ከእኔ ማሳ ሁለት መደብ ጨርሷል።»

«ሁለት መደብ! ለምን አንቱ?»

ከዚህ ወዲያ ዘመድ አላወጣም፤ ዘመዴ ሞቷል። አንገቴን ደፍቼ ተናገርሁ። «ልታይኝ ነው ብዬ ነው። አንቺ ያየሽው ሰውዬ ሌላ ነው፤ እኔ በሰባት ዓመት ውስጥ አርጅቻለሁ። ግንባሬ ተሰነጣጥቋል፤ ጠጉሬም… አሁን ታይዋለሽ። እንዳትደነግጪ ትንሽ ላሳምረው ብዬ ነው።»

ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ያንን ሐኪም ያበራላትን ዓይኗን ጨፈነች። ጨፍና ጣቷን ግንባሬ ላይ አኖረች።

«ይኸ መስመር» አለች፣ «ሙሉ ወደ ደሴ የሄደች ዓመት ወጣ። ይኸ ከቅንድብ በላይ ያለው በሬው የሞተ ጊዜ። ይኸ ወዲህ ያለው አምና ነው፤ ከምን እንደመጣ እኔም አላውቅም።» ጣቷ ወደ ላይ ሄደ። «ጠጉርዎ ከዚህ ነበር የሚጀምረው። ከዚያ ከዚህ ሆነ። ከዚያ ከዚህ። ራስዎን ቅቤ የሚቀባዎት ማን ሆኖ ነው? መሄድ ሲጀምር እርስዎ አላወቁም፤ እኔ ነኝ ያወቅሁት። ለእርስዎ ብዬ ነው ያልተናገርሁ።»

ዘነቡ አፍንጫዋን ጠረገች። አያ እሸቴ መሬት መሬት ያያል።

«ሰባት ዓመት እጄ ያልነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀለምዎ» አለች የሺ። ዓይኗን ገለጠች፤ ከግንባሬ እስከ አገጬ አንድ ጊዜ ቀስ ብላ አየችኝ፤ ራሷን ነቀነቀች። «እሱንም አበላሹት።»